የሹፌሩ ዓይንና የእኔ ፋይል

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አውቶቡስና የጭነት መኪና በሚያሰማራ አንድ ድርጅት የሹፌሮችን ፋይል የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ማንም ሹፌር መሪ ከመጨበጡ በፊት ለመንዳት ብቁ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ሁሉ በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት፤ ለሚነዳው መኪና የሚመጥን መንጃ ፈቃድ፣ ቀድሞ ከሠራበት ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ያደረሰው አደጋ ካለ የዚያ ሪፖርት፣ በየጊዜው የሚታደስ የጤና ምርመራ። አንዱ ከጎደለ ሹፌሩ አይወጣም። ይህንን የምጽፈው በዚያ ሥራ ላይ ሆኜ አንድን ሰው እንዴት እንዳጠፋሁ ለመናገር ነው። ሰውየው አልሞቱም። ቢሞቱ ኖሮ አልቅሼ እገላገል ነበር።

ስቀጠር ሥራ አስኪያጁ አንድ የብረት ቁም ሳጥን ከፍቶ አሳየኝ። የአንዱ ሹፌር መንጃ ፈቃድ በሌላው ፋይል ገብቷል፤ የሠርግ ፎቶ ከደም ምርመራ ውጤት ጋር ተጣብቋል፤ የዋስትና ደብዳቤዎቹን አይጥ በልቷቸዋል። ከዞን የመጡ ተቆጣጣሪዎች ይህንን ጉድ አይተው አንዳንዶቹን አውቶቡሶች ከሥራ አግደው ነበር።

"የቀጠርኩሽ ለዚህ ነው" አለኝ። "ሹፌሩ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው አያገባሽም። ፋይሉ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

በስድስት ወር ውስጥ ቁም ሳጥኑን ሌላ አደረግሁት። ለእያንዳንዱ ሹፌር አረንጓዴ ማኅደር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጄ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ የትኛው ወረቀት መቼ እንደሚያልፍበት ጻፍኩ። ሥራውን ወደድኩት። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ይልቅ ሥልጣኑን ወደድኩት። በዕድሜ እጥፌ የሆኑ፣ መንገድ ላይ ትራፊክ እንኳ የማይደፍራቸው ወንዶች ጠረጴዛዬ ፊት ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሲቆሙ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ሲል የጤና ወረቀቱ ጊዜው ትናንት እንዳለፈበት አየሁ።

"ማሎ፣ እህቴ" ብሎ ለመነኝ። "ስመለስ አሳድሳለሁ። ሚስቴ አምቦ ሆስፒታል ልትወልድ ተኝታለች፤ በመንገዴ አይቻት አልፋለሁ።"

"ቀኑ ትናንት ነበር" አልኩት።

ከመኪናው አስወረድኩት። ሌላ ሹፌር መኪናውን ይዞ ወጣ። ሰውየው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ ሲያይ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያም ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ሚስቱ በሰላም ወለደች። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን በስብሰባ ላይ እንደ ምሳሌ ተናገረው። ሹፌሮቹ "ማኅተሟ" የሚል ስም አወጡልኝ። ስድብ መሆኑን ባውቅም ወደድኩት።

ከሹፌሮቹ መካከል ግን አንዱን እንደ ሌሎቹ ማየት አልችልም ነበር። ከነቀምቴ ኡኬ፣ ከኡኬም አለፍ ብለው በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው የሚያመላልሱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ መዘምር ስለሆኑ ሲነዱም ያዜማሉ። እኔ የተወለድኩት ኡኬ ነው። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ አባቴ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ መንገዱ ክፉ በነበረበት ሰሞን፣ እናቴ ደም ሲፈሳት አደረች። አባቴ ያልለመነው ሹፌር አልነበረም። ሁሉም እምቢ ሲሉ እኚህ ሰው ባዶ አውቶቡሳቸውን አዙረው መጡ፤ እናቴን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ነቀምቴ ሆስፒታል አደረሷት። መንገድ ላይ ያስቆሟቸው ሰዎች "ማን ናት?" ብለው ሲጠይቋቸው "እህቴ ናት" ነበር ያሉት። እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። እኔም ጋሼ እላቸው ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የታደሰ የጤና ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ ገቡ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ወረቀቱን ተቀብዬ መዝገቡ ላይ እንዲፈርሙ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን የገጹን ጠርዝ አስይዘው ወደ ታች ሳቡት፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አቆሙና ፈረሙ። የፈረሙት በሌላ ሹፌር ስም ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ የሰው ስም ላይ እኮ ነው የፈረሙት" ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አረጋገጡና ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረጉት።

"ላንቺ አልዋሽም" አሉ። "ቀኝ ዓይኔ ከሄደ ቆይቷል። ግራውም ጭጋግ ጀምሮታል።"

"ታዲያ ምርመራውን እንዴት አለፉ?"

አሁን ሳቁ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥርስ ያላቸው ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች በየረድፉ ተሰልፈዋል፤ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ ይሄዳሉ። የሹካው ጥርስ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያያል። ተመርማሪው ርቆ ቆሞ ጥርሱ ወዴት እንደሚያይ ይናገራል። ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ሰልፍ የያዘች መስላ፣ ሰሌዳውን ረድፍ በረድፍ ደብተሯ ላይ ገልብጣ መጣች። ከዚያም ጓሯቸው ውስጥ አስቀምጣ በቃል አስጠናቻቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው እያመለከቱ አወረዱልኝ። "ቀኝ። ላይ፣ ግራ። ታች፣ ቀኝ፣ ላይ…" በዜማ ነበር የሚሉት። እስከ መጨረሻው ረድፍ አንድም ሳይስቱ ጨረሱ። ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

"ለማንም አትንገሪ" አሉኝ ሲወጡ።

ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ አስገባሁና ሠንጠረዡ ላይ "ሙሉ" ብዬ ጻፍኩ። ሐኪም ዓይንዎን አይቶታል ወይ፣ ሊድን ይችል ይሆን ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ሠንጠረዡ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አልነበረም።

ወር ሳይሞላ አንድ ረቡዕ እናቴን ልጠይቅ ወደ ኡኬ ሄድኩ። በጋሼ አውቶቡስ፣ ጋቢና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሚያውቁት አነዳዳቸው ምንም አይነቀፍም ነበር፤ እያዜሙ ነበር የሚነዱት። ከከተማ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን በቀኝ በኩል፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ስትሄድ አየኋት። ጥግ ይሰጧታል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰጧትም። ዜማውም አልተቋረጠም።

"ጋሼ! በቀኝ!" ብዬ ጮህኩ።

መሪውን አዞሩት። የመኪናው መስታወት ሸክሟን መታው፤ ሴትዮዋ እንደ እንዝርት ዞራ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ስንወርድ ተነሥታ ነበር። ክርኗ ተልጧል እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበራትም። የምታወርድባቸው እርግማን ግን ብዙ ነበር። ጎንበስ ብለው የተበተነውን እንጨቷን አብረዋት ለቀሙ፤ በኦሮምኛ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቋት። 

ወንበራቸው ላይ ሲመለሱ "አይቻት ነበር እኮ" አሉ። "እሷ ናት የገባችብኝ።"

 እስከ ኡኬ ድረስ አላዜሙም።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ያደረግሁት ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው። ዝም ብል የሰው ደም እጄ ላይ ይሆን ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዓይናቸውን፣ የልጃቸውን ደብተር፣ በቃል ያጠኑትን ሰሌዳ፣ ሴትዮዋን። ከዚያም ለመንኩት።

"ግቢ ውስጥ ሥራ ይስጧቸው። ስምሪት ላይ ይሁኑ፤ መኪና ሲወጣና ሲገባ ይቆጣጠሩ። ጡረታቸው ቀርቧል።"

ይደነግጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ፈገግ አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከሁለት ወር በፊት ክሩ የወጣ ጎማ ያለው አውቶቡስ ሊወጣ ሲል እኚህ ሰው በሩ ላይ ቆመው "ይህ መኪና ሰው ጭኖ አይወጣም" ብለው ነበር። ሹፌሮቹ ሁሉ ከኋላቸው ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሸንፎ ጎማ አስቀየረ። እኔ ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳውም።

"ዛሬ ላስቀራቸው?" አልኩት። አውቶቡሳቸው ግቢው ውስጥ ሰው እየጫነ ነበር።

"የሚተካ ሹፌር የለኝም። እስከ እሑድ ይንዳ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ።"

"እስከዚያ ሰው ቢገጩስ?"

"እስከ ዛሬስ የት ነበርሽ? ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ያስገባሽው እኔ ነኝ?"

 ወጥቼ የዕለቱን መውጫ ፈረምኩላቸው።

አራት ቀን ሙሉ ፈረምኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን "የኡኬው መኪና ገባ?" እያልኩ እጠይቅ ነበር፤ "ገባ" ሲለኝ ትንፋሼ ይመለሳል፤ ጠዋት ደግሞ እፈርማለሁ። ዓርብ ዕለት አንድ ፌስታል ማንጎ ይዘውልኝ ገቡ።

"እናትሽ ናት የላከችልሽ። 'ልጄ ከስታለች' ትላለች፤ ብዪ።"

ተቀበልኳቸው። "ገለቶማ ጋሼ" ብዬ አመሰገንኩ። ልነግራቸው የሚገባኝ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ የሥራ አስኪያጁም በር ክፍት ነበር። ማንጎውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ሰሌዳ ሥሪ አለኝ። "እንደ ጤና ጣቢያው ዓይነት። ከኮምፒውተር አውጪውና ካርቶን ላይ ለጥፊው። ግን እያንዳንዱን ሹካ ዞር ዞር አድርጊው።" ልወጣ ስል ጨመረ። "የመጀመሪያውን፣ ትልቁን፣ እንዳለ ተዪው። እንዳይነቃ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሥራዬን አጣ ይሆናል ብዬ ፈራሁ እንጂ ማንም መሣሪያ አልደገነብኝም። ሹካዎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጥኳቸው። በማስመሪያ እየለካሁ፣ ረድፉ እንዳይዛነፍ እየተጠነቀቅሁ፣ ወደ ቀኝ የሚያየውን ወደ ግራ፣ ወደ ላይ የሚያየውን ወደ ታች አድርጌ ለጠፍኩ። አሳምሬ ነው የሠራሁት።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሮቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ትኬት የሚሸጠው እዚያው ስለሆነ ተሳፋሪዎችም ጓዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ስለ መኪና ንጽሕናና ስለ ሰዓት ማክበር ትንሽ ተናገረና ሰሌዳውን አስመጣኝ። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

"ዛሬ ዓይናችንን እንመረመራለን" አለ። "ከአንጋፋው እንጀምር። ና እስቲ፣ አንተ!"

ሹፌሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሳቸውን "አንተ" ብሎ የሚጠራ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ቀስ ብለው መጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በተባሉበት ቦታ ቆሙና ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ወደ ሰሌዳው አዩ። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ምን እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሰሌዳውን ያመጣችው ልጄ ናት፤ የማውቀውን ሰሌዳ ነው ያመጣችልኝ ማለታቸው ነበር።

"ቀኝ" አሉ ለትልቁ። ልክ ነበር።

"ቀጥል።"

"ላይ። ግራ።"

ሥራ አስኪያጁ በያዘው ዘንግ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ነካ ነካ አደረገ። አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያዩ ነበር።

"ቀጥል።"

"ታች፣ ቀኝ፣ ላይ" አሉ በእርግጠኝነት፣ በእጃቸውም እያመለከቱ። አንዱም ልክ አልነበረም።  መጀመሪያ አንድ ወጣት ሹፌር ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። እሳቸው ሳቁን ሲሰሙ የዘገዩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ፈጠን ብለው አወረዱት፤ በፈጠኑ ቁጥር ሳቁ ባሰ።

"አልተሰማም" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ጮክ ብለህ ድገመው።"

ደገሙት። "አንዴ ደግሞ" አለ። ሦስተኛ ጊዜ ጀመሩና መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

አሁን ተሳፋሪዎቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። "ትናንት እኮ ልጆቼን ይዤ በዚህ ሰውዬ መኪና ነው የመጣሁት!" ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። "ዕውር ነው እንዴ የሚነዳን?" አለ ሌላው። አንድ ጎልማሳ ተንደርድሮ መጥቶ የኮታቸውን አንገት ያዘ፤ ዘበኛው ነው የገላገላቸው። ከኋላ የተወረወረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ትከሻቸውን መታቸው። በቃችሁ ያለ ሰው አልነበረም። ጎማ ያስቀየሩላቸው ሹፌሮች መሬት መሬት ያዩ ነበር። ክፉው ነገር ደግሞ ሕዝቡ እውነት ነበረው፤ በልጆቹ ሕይወት የተቀለደበት እሱ ነው።

ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ፊታቸውን እስኪነካ አስጠግተው ሹካዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው፤ የተለጠፉ ስለነበሩ ጠርዛቸው ለጣት ይሰማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"ሥራዬ ነው ጋሼ" አልኩ።

"ኤዬ፣ እሺ" አሉ። ኮፍያቸውን አደረጉ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጃቸው ፈለጉት። በዚያም ተሳቀ።

የስንብቱን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ እየነገረኝ ጻፍኩ። "ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ በመገኘቱ" የሚል ነበር። ግልባጩ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ላሉ መሰል ድርጅቶች ሁሉ ተላከ። ወረቀቱን የፈረመውን የጤና ባለሙያ የጠየቀ የለም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መዝገቤን አገላብጦ ስለ ዓይናቸው ለእሱ መናገሬን ሐሙስ ዕለት የጻፍኩበትን ማስታወሻ አገኘ።

"ይህን ገጽ እንደገና ጻፊው" አለኝ። "የተገኘው ሰኞ ነው፤ እርምጃ የተወሰደውም ሰኞ ነው።"

እንደገና ጻፍኩት። የቀድሞውን ገጽ እሱ ራሱ ቀድዶ ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ የሹፌሩ ልጅ ቢሮዬ መጣች። ሰላም አላለችኝም። አባቷ የጥበቃ ሥራ ሊያገኙ ስለሆነ፣ ሐሰተኛ የሚለው ቃል የሌለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንድሰጣት ጠየቀች። ከፋይሉ ውጪ መጻፍ እንደማልችል ነገርኳት።

"እኔ ሹካዎቹን የሣልኩት አባቴ እንጀራ እንዳያጣ ነው" አለችኝ። "አንቺስ?"

 ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን መቀስ ትንሽ አየችውና ወጣች። የጥበቃው ሥራም ቀረ።

ተቆጣጣሪዎቹ በዚያው ዓመት መጡ። ማኅደሮቹን ሲያገላብጡ ዋሉና የእሳቸውን ፋይል አነሱ። ሐሰተኛ ወረቀት በተገኘበት ቀን ሹፌሩ ከመሪ መነሣቱን አይተው አመሰገኑን። አንደኛው ለሌሎች ድርጅቶች እንዲያሳይ ገጹን በስልኩ ፎቶ አነሣው።

ከስድስት ወር በኋላ ነቀምቴ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ተባለ። ልጃቸው እየመራች ወሰደቻቸው። ሞራ ነበር። ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈላቸው፤ ቀኙንም ግራውንም። ቀድመው ቢመጡ ቀድመው ያዩ እንደነበር ነገራቸው።

አንድ ጠዋት ብቻቸውን፣ በደንብ እየረገጡ፣ ቢሮዬ ገቡ። ዓይናቸው ጥርት ብሎ ነበር።

"እንደምን አደሩ? እናትዎ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

እርስዎ ነው ያሉኝ። ለእኔ! ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ከቆሙበት አነበቡልኝ፤ እስከ ታችኛው ደቃቅ ጽሑፍ ድረስ። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አሁን እውነተኛ ነው። ለአለቃዎ ይንገሩልኝ።"

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎም አላየኝ። "ዓይኑ ቢድን ፋይሉ አልዳነም" አለ። "ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሹፌር አይመለስም። ደንብ ነው፤ ታውቂዋለሽ።"

ወጥቼ ነገርኳቸው። አልተከራከሩም። "እንግዲያው ፋይሌን ልየው" አሉ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። የስንብት ደብዳቤያቸውን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ዓይን ያነበቡት። ገጹን ገልብጠው የመዝገቡ ቅጂ ላይ ደረሱ።

"ሰኞ ነው የታወቀው?" አሉ።

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። "ሐሙስ ነው" አልኩ። "ሐሙስ ጠዋት እኔ ነኝ የነገርኩት።"

ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። "ሐሙስ ሞልቼ ነው የሄድኩት። ዓርብ የለቅሶ ሰዎች ነበሩ። ቅዳሜ ተማሪዎች። እሑድ ያቺ መንታ ያዘለች…" አቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ታውቁ ነበር? ሁለታችሁም?"

"ግቢ ውስጥ ሥራ እንዲሰጥዎት ለምኜ ነበር፤ እምቢ አለኝ" አልኩ።

"እኔ ፈርቼ ዋሸሁ። ኃጢአቴን አውቀዋለሁ፤ በዋቃዮ፣ በእግዚአብሔር ፊት እጠየቅበታለሁ። ግን ለእሱ ከሚነግሩት ለእኔ ለምን አልነገሩኝም? ያቺ ሴት የወደቀች ቀን እዚያው መንገድ ላይ 'ውረድ' ቢሉኝ እወርድ ነበር።"

 ፋይሉን ዘግተው፣ ጠርዙን አስተካክለው ሰጡኝና ሄዱ። ያን ዕለት ሹፌሮች ሲገቡ ሲወጡ፣ አንገቴን ሳላቀና ነው የፈረምኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ነቀምቴ ውስጥ አልቆዩም። ጊምቢ ዘመዳቸው ዘንድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጆንያ እየመዘኑ እንደሚኖሩ ሰማሁ። እናቴ የሆነውን ሁሉ ኡኬ ድረስ በመጣ ወሬ ሰምታ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። አሁን ታናግረኛለች፤ ስለ ሥራዬ ግን አትጠይቀኝም።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሮ ሄደ፤ በምትኩ አንዲት ሴት መጣች። ሰው ትመስለኛለች። በመጀመሪያው ወር ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት፤ የተቀደደውን ገጽ ጭምር። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

"የቀድሞው ገጽ አለሽ?" አለችኝ።

"የለኝም።"

"እንግዲህ በፋይሉ ላይ ያለው ነው የሚታየው" አለች፤ በእውነት አዝና ነበር። "ደግሞ የተሰናበተ ሠራተኛ ፋይል ለዘላለም አይቀመጥም። ሁለት ዓመት ቢቀረው ነው። ያኔ ይወገድና እንዳይመለሱ የሚከለክላቸው ነገርም አብሮ ያበቃል።"

እሳቸው ያኔ ስልሳን አልፈዋል። እኛ ደግሞ ስልሳ ላለፈው ሰው አውቶቡስ አንሰጥም። ይህንን አልነገርኳትም፤ ደንቡን እሷም ታውቀዋለች።